ባዶውን በርሜል ብቻ ለሚመረምር የጥገና ክፍል

ኀሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን። የጠዋቱ ቆጠራ፦ አንድ ጉድለት የሌለበት የቢራ በርሜል፣ አንድ ያለቀ የጋዝ ሲሊንደር፤ ቢራ የለም።

ለተከበሩ የቢራ መጥመቂያ ዕቃዎች ጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የክፍልዎ ደንብ እንዴት ሰንብታችኋል? እኔ ከበርሜሌ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ። የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ለቤቴ ቢራ እጠምቃለሁ። እሑድ ልጄን እድራለሁ። የሙሽራው አባት ቢራ አከፋፋይ ናቸውና የሠርጉን መጠጥ ልላክ ቢሉኝ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ልጄን በራሴ ቢራ እንጂ በሰው ቢራ አልድርም ብዬ መለስኩ። ቢራው ቃሌን አላሳጠፈኝም፤ ጥሩ ፈልቶ፣ ጥሩ ጠርቶ ከእናንተ የገዛሁት በርሜል ውስጥ ገባ። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ቢራው አረፋ እንዲያወጣ ማታ በርሜሉ ውስጥ የሞላሁት ጋዝ ጠዋት የለም። ስልክ ብደውል፣ ሠራተኛችሁ ቢራው ጠጥቶት ይሆናል ብላ አጽናናችኝ። ቢራ የሚጠጣ ሰው እንጂ ጋዝ የሚጠጣ ቢራ አላውቅም ነበርና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የላካችሁት ባለሙያ ትሑትና ንጹሕ ሰው ነው። ሙሉ በርሜል መመርመር ደንቡ እንደማይፈቅድ በትሕትና አስረድቶኝ፣ ቢራዬን በንጽሕና ወደ ፍሳሽ ለቀቀው። ከዚያም ባዶው በርሜል ጋዝ እንደማያፈስ አረጋግጦ፣ ጉድለት የለበትም የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ጋዝ የሌለበት ዕቃ ጋዝ አለማፍሰሱን ለማወቅ ይህን ያህል መድከማችሁ ልቤን ነክቶታል።

ሦስተኛ፣ እንደገና ጠመቅሁ፤ እንደገና ጋዙ ጠፋ። በዚህ ጊዜ በርሜሉን በሳሙና ውሃ ቀባሁት። ባለቤቴ በራፉ ላይ ቆማ፣ በትዳራችን አንድ ሸሚዝ ሳላጥብ በርሜል ገላ ማጠቤን ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ሳሙናው ግን ከክዳኑ ሥር፣ ከጎማው ቀለበት ላይ እንደ ፊኛ ተነፋ። ቀለበቱ ተሰንጥቋል። ትናንት ባለሙያው ሲመጣ አሳየሁት፤ አየና እውነት ነው አለ፤ ነገር ግን ያየው እንደ ግለሰብ ስለሆነ፣ እንደ ክፍሉ ባለሙያ ለማየት በርሜሉ ባዶ መሆን አለበት። እኔ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ጨርቅ ስለካ፣ እሱ ከጀርባ የልጄን ሠርግ ወደ ፍሳሽ ለቀቀው። ሁለተኛውም ወረቀት ጉድለት የለበትም ይላል። ይህን ሳነብ ቁጭ አልኩ።

ለነገሩ ቀለበት ስጡኝም ብዬ ነበር፤ ከበርሜሉ ተለይቶ አይሸጥም ተባልኩ። እኔ በዚህ ደንብ ብነግድ፣ ቁልፍ የረገፈበት ሰው ሁሉ ካፖርት ይገዛኝ ነበር። ይህን ብልሃት እስከ ዛሬ ስላላሰብኩት ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ።

ቢራ ለመፍላት ጊዜ ይፈልጋል፤ እሑድ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ምንም አልጠይቅዎትም፤ ምስጋናዬን ብቻ ይቀበሉኝ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ በባዶው በርሜልዎ አጠገብ ቆሜ እጅ የምነሳ፣
ታማኝ ደንበኛዎ፣ ጨርቅ ነጋዴው

ማሳሰቢያ፦ እሑድ እርስዎና ባለሙያዎ በሠርጉ እንድትገኙልኝ በታላቅ ደስታ ጠርቻችኋለሁ። ደንባችሁን እንዳልጥስ ለሁለታችሁም ባዶ ብርጭቆ አዘጋጅቻለሁ።

ለራሴ፦ ነገ ሱቅ ሳልከፍት ወደ ሙሽራው አባት ቤት መሄድ፤ ቢራውን መለመን።