ተቀባይ ያጣ ዜማ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ። ዛሬም ጺሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ቁንዶ በርበሬዬን መሰላል ላይ ወጥቼ ራሴ እለቅማለሁ፣ ቅዳሴ ለመድረስ ያንን ዳገት ያለ ምርኩዝ እወጣዋለሁ። ካሳቫዬንም ቆፍሬ የምቀቅለው እኔው ነኝ። ይህን የማስቀድመው ስለ እኔ ማንም ሌላ ነገር ቢነግርሽ እንዳታምኚ ብዬ ነው።

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ዓይንሽ እንዴት ነው? የዚያ የሰሜኑ አገር ብርድ ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? የገዳማችሁ ጉድጓድ ደርቋል ብለሽኝ ነበር፤ ውኃው ተመለሰ? ልጄ ሮይ ከሙስካት ደውሎ ነበር፤ እሱም ሚስቱም ደህና ናቸው። ልጃቸው ጂንሲ ከእኔው ጋር ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት በልጣኛለች፣ በምላስማ ከበለጠችኝ ቆየች። ዝናቡ አላባራ ብሎ የጎማ ዛፎቹን ወተት ሳንቀዳ ወር አለፈን እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደህና ነው ካልኩሽ በኋላ ደግሞ የሆዴን ልንገርሽ። ተናድጃለሁ። እህል በአፌ አልዞር እስኪል ተናድጃለሁ።

ኮረብታው ላይ ያለው የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት የድሮውን የቅዳሴ ቋንቋችንን፣ ሱርስትን፣ ማስተማር አስቀረ። ያ ትምህርት ቤት ሲሠራ አባታችን የመሠረቱን ድንጋይ ተሸክሞ ሲመለስ ትከሻውን በኮኮናት ዘይት ታሺለት የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ መቼም አልረሳሽውም። የዚያን ጊዜው አበምኔት ለመንደሩ ምን ብሎ ነበር ቃል የገባው? ልጆቻችሁ የዓለሙንም ትምህርት የቅዳሴውንም ቋንቋ እዚህ ይማራሉ ብሎ አይደለም? ቅዳሴው በመንደራችን ቋንቋ ከሆነ ወዲህ ሱርስት የቀረችው እዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር፤ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይመርጧታል። ግማሾቹ የሚመርጧት ነጥብ ስለምትሰጥ ነው። ልጆቹ የሙታን ክፍል ይሏታል። ይበሉ። ለነጥብ ብሎ የገባም ቢሆን አፉ ይለምዳል።

አሁን በእሷ ቦታ ጀርመንኛ ገባ።

ዳይሬክተሩን አባ ክሌመንትን ላናግር ወጣሁ። ገና ወጣት ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ሻይም አስመጣልኝ። መነኩሴ ቶሎ ሻይ ካስመጣልሽ እምቢ ሊልሽ ነው። የትምህርቱን ሥርዓት እኛ ብቻ አይደለንም የምናወጣው አለ። ወላጆች ናቸው የጠየቁት፣ በየቤቱ አንዲት ነርስ አለች፣ ጀርመኖች ነርስ አጥተዋል፣ ቋንቋውን ከዚህ ጀምራ የሄደች ልጅ እዚያ አትንገላታም፣ እኛ ባናስተምር ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ይወስድብናል አለ። መስቀል አንጠልጥሎ የሚያወራው እንደ ባለሱቅ ነው። እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

“ለመሆኑ አባ፣ እዚያ ሄደው የሚያስታምሟቸው ሽማግሌዎች እኔን ያህላሉ?” አልኩት።

“እርስዎን ያህላሉ፣ አባባ ቫርኪ።”

“የእነሱ ልጆችስ የት ሄደውባቸው ነው?”

ሻይዎ ቀዘቀዘ አለኝ። ሳልጠጣው ወጣሁ።

ሰው ሁሉ ይህ ሽማግሌ ስለ አንድ ትምህርት ምን አንጨረጨረው ይላል። ጎረቤቴ ቶምማንማ፣ አንተ ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስክ ሰውዬ ስለ አሥራ አንደኛ ክፍል ምን አገባህ ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ለአንቺ ግን ይገባሻል፤ ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ባለቤቴ አለይኩቲ የተቀበረች ቀን አልነበርሽም። ሬሳ ከቤት ሲወጣ በደጃፍ በሱርስት የሚዜመውን ታውቂዋለሽ። አንዱ ሟቹን ሆኖ ቤቱን ይሰናበታል፣ ሌላው ቤቱን ሆኖ ይመልሳል። አባታችን በርበሬ ስንለቅም እኔን ሟች፣ አንቺን ቤት እያደረገ ያስለምደን ነበር። የሟቹን ያለ ሰው የቤቱን ደግሞ አይልም፤ ነውር ነው፣ ቤቱ ሌላ ሬሳ ይጠራል ይባላል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱን ጎረቤት ስሸኝ የሟቹን ነው ያልኩት። የቤቱን ወገን ይል የነበረው ጎረቤታችን ኩንጄፑ ከአለይኩቲ በፊት ሞተ። ቢሆንም ያለ ዜማ አላስወጣትም ብዬ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጀመርኩ። እሷን ሆኜ ቤቱን ተሰናበትኩ። ምድጃዋን፣ የውኃ ጉድጓዷን፣ እንስራዋን ተሰናበትኩላት። ከዚያ መልሱን ጠበቅሁ። እትዬ፣ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ሰዉ ዜማው የጠፋኝ መሰለው፣ የሚያለቅስም ነበር፣ ለእኔ አዝኖ። ይሄኔ ሮይ የተከራየው ድምፅ ማጉያ ጮኸ፤ አንድ ጎረምሳ ኪቦርድ እየነካ የሠርግ የሚመስል ነገር ዘፈነባት። ፎቶ አንሺው ደግሞ፣ አባባ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ፣ ከሳጥኑ ጋር አልገቡልኝም አለኝ። ወደ ግራ አልኩለት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ወደ ግራ ማለቴ።

አየሽ፣ ያቺ ክፍል ከተዘጋች እኔንም በኪቦርድ ነው የሚያወጡኝ።

ምዝገባው ሳያልቅ ሱርስት የሚያስተምረው አባ ኡላሃናን በሞተር ብስክሌቱ ቤቴ ድረስ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ግን ድምፁ የሰለለ። አንድ ልጅ ብቻ ጎደለኝ አለ፤ ጂንሲ ከተመዘገበች ክፍሏ አትዘጋም፣ ዳይሬክተሩ ቃል ሰጥቶኛል፣ እባክዎ ይንገሯት አለ። እነግራታለሁ ምን ማለት ነው፣ አዛታለሁ እንጂ አልኩት።

ማታ አዘዝኳት። ዓሣ እየጠበሰች ነበር። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

“አባባ፣ አንተ በማትሰማበት ቀን አንድ ጊዜ እንድናገረው ነው ሁለት ዓመት ቋንቋ የምማረው?”

ጮህኩባት። አባትሽም እናትሽም ጥለውሽ ሄደው ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ አልኳት፤ አንቺም ለመሄድ ቋንቋ ትማሪያለሽ አልኳት። እሷም ዓሣውን አወረደችና፣ ከዚህ ቤት የሄደውን ሁሉ በእኔ ላይ አትቁጠርብኝ አለችኝ። ዓሣውን አልበላሁም። በማግስቱም አልበላሁም። የያዘኝን እልህ ታውቂዋለሽ፣ ከአባታችን የወረስነው ነው። አባ ኡላሃናንን ገበያ መንገድ ላይ ሳገኘው፣ አንተም ስታስተምር ድምፅህ ባይሰልል ኖሮ ክፍልህ ሙሉ በሆነ ብዬ ሰው እስኪዞር ጮህኩበት።

እሷ ጀርመንኛዋን ተመዘገበች። የሱርስት ክፍል ተዘጋ። አባ ኡላሃናንን ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ አደረጉት።

ከሳምንታት በኋላ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እሷ መጽሐፏን ይዛ ትንበለበላለች። አስታማሚ በሽተኛውን እንዴት እንደሚጠይቅ ነው የሚያስተምሯቸው። ሰው ላይ ካልተለማመድኩት አይያዘኝም አለች። አልሰማሁሽም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ግን ፊቴ መጥታ ተንበረከከችና በዚያ በሚያንቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ቀጥላም በእኛው፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት ማለት ነው አለች፣ እንደ ነርስ አንቱ ብላ፣ እየሳቀች። እኔም ሳላስበው እጄ ወደ ሆዴ፣ ከጎድኔ በታች ሄደ። እዚያው ቀረ። ሳቋን አቆመች። መጽሐፉን ዘጋች። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። የቋንቋ ልምምድ መስሎኝ ነው አልኳት። ለአባትሽ ብትደውዪ ውርድ ከራሴ አልኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ማታ፣ ሳልጠይቃት፣ የሟቹን ወገን አስተምረኝ አለች። ማን ለመነሽ አልኳት። ማንም አለች። ለፈተና አይሆንሽም አልኳት። አውቃለሁ አለች። ተናድጄ ነው ማስተማር የጀመርኩት። ድምፁን ታበላሸዋለች፣ ትንፋሽ የምትወስደው ቃል መሃል ነው፤ ሳርማት ደግሞ በጀርመንኛ ትሰድበኛለች። ቢሆንም ይዛዋለች። ምድጃውን ስትሰናበት ከክፍሌ ሆኜ ሰማኋት፤ በሩን ዘጋሁ።

የቤቱን ወገን ግን ላስተምራት አልችልም። እሱ የአንቺ ነበር፤ እኔ በአፌ ብዬው አላውቅም፣ አሁን ደግሞ ጊዜው አይደለም።

ትምህርት ቤቱን ይቅር እንዳልኩ እንዳይመስልሽ። የአባታችን ድንጋይ ላይ ቆመው ልጆቻችንን ወደ ውጭ መሄድ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ይህንን እንደገና ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። ሻይም አልጠጣም።

ሮይ ሲነግረኝ ማኅበራችሁ ያረጁትን መነኮሳት አገር ቤት ሄደው እንዲከርሙ ይፈቅዳል አሉ። እኔ ጠይቄሽ አላውቅም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ባቡሩም ይጨናነቃል። አውቶቡሱ ግን አሁን እንደ ድሮው ወንዙ ጋ አያወርድም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይመጣል። እንዲሁ እንድታውቂው ነው።

እመቤታችን ዓይንሽን ታብራልሽ። ቅዱስ ቶማስ በዚያ በባዕድ አገር ከጎንሽ አይለይ። የአባታችንና የእናታችን ጸሎት ከክረምቱ በሰላም ያውጣሽ፤ አብረውሽ ላሉት እህቶችም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ያለብኝን ዕዳ ራሴ ነኝ የምከፍለው፤ ለሮይም ለማንም አልተውም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተሳልኩት አውራ ዶሮ አለ፤ እሱን ለበዓሉ ይዤ እወጣለሁ። ቶምማን ጣሪያዬን ሲያለብስ የዋለልኝን ቀን በርበሬውን ለቅሜ እመልስለታለሁ፤ ለሳቀብኝ ግን ምንም አልመልስም። አባ ኡላሃናን ገበያ መሃል ላዋረድኩት ይቅርታ ይገባዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ባለበት እጠይቀዋለሁ። የመጨረሻው የአለይኩቲ ነው። የደጃፉን ድንጋይ አስፋልኝ እያለች ሞተች፤ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያቆመው። ዝናቡ እንዳባራ ሰፋ ያለ ድንጋይ ራሴ ጠርቤ እተካበታለሁ፣ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን እንዲቆሙበት። ትንሽ ዝቅም አደርገዋለሁ፤ ለአሮጊት እግር ከፍ ይላል።

ታናሽ ወንድምሽ