ሱሉልታ ላይ የተከልከው ሙዝ

ግርሜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህን አወጣን፣ ጥቁሬን አወለቅሁ፣ ሰውም ተጽናናች ብሎ ተወኝ። አልተጽናናሁም፤ ተናድጃለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፣ እኔ ግን ዛሬ እወቅስሃለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ውሃ ቤት ገባ። ከሌላ ቦታ አልመጣም፣ አንተ ካስቆፈርከው ቦይ ነው። ያንን ፐርማካልቸር የሚሉትን፣ ግቢን እንደ ጫካ በራሱ እንዲለማ የማድረግ ሥልጠና ወስደህ በመጣህ ሰሞን፣ የዝናብ ውሃ ከግቢ መውጣት የለበትም፣ እዚሁ መስረግ አለበት ብለህ ዙሪያውን አስቆፈርክ። ደረቅ አገር ላይ እውነት ይሆናል። ሱሉልታ ግን መረሬ ነው፣ ውሃ የማያሰርግ ጥቁር ጭቃ፣ ሐምሌ ሲገባ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይተኛበታል፣ እዚህ ሰው ቦይ የሚቆፍረው ውሃ ለማስወጣት ነው። ይህን በየቀኑ በታክሲ መስኮት እያየህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ረጥቦ ቀለሙ ተላጠ፣ ልጅህ ሳምሪ ሳል ይዟታል፣ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈን ነው የምናድረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ጉዝጓዙስ? አፈር ራቁቱን አይዋል ብለህ ድርቆሽ ገዝተህ መሬት ላይ በተንክ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ለላሞቻቸው የሚያበሉት አጥተው ሲንከራተቱ፣ የኛ ድርቆሽ ዝናብ ላይ እየሻገተ የፍልፈልና የቀንድ አውጣ ቤት ሆነ። አጥሩ ጋ ቆመው ያዩት ነበር። ሰላም ልላቸው አፍር ነበር።

ሙዙንማ ተወው። ሱሉልታ ላይ ሙዝ፣ ከሥልጠናው ይዘኸው የመጣኸው መጽሐፍ ሥዕል ላይ ስላለ ብቻ። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ አመሻሽ ላይ ጋቢህን አውልቀህ ሙዙን አለበስከው፣ አንተ በሹራብ እየተንቀጠቀጥክ ገባህ። ሳቄ አላቆም አለኝ፣ አንተም ሳቅክ። ጠዋት ስናየው እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። ያኔ እንኳ አልሠራም ማለት አቃተህ። ሦስተኛው ዓመት ይምጣ፣ ያኔ መሬቱ ራሱ ይሠራል አልክ። ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛውም መጣ። አንተ የለህም።

ባለፈው ሳምንት አሰልጣኝህ ደወለ። አዳዲስ ሠልጣኞች ግቢያችንን እንደ ማሳያ ይዩት፣ ለአንተም መታሰቢያ ይሁን አለኝ። ይምጡ አልኩት። ከመምጣታቸው በፊት አካፋ አንስቼ ቦዩን በስተታች በኩል ቀደድኩትና ውሃውን ወደ መንገዱ ለቀቅሁት። ሲወርድ እያየሁ በንዴት አለቀስኩ።

ቅዳሜ መጡ፣ ከቡራዩም ከሰበታም፣ እንደኛው ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽተው ቁራሽ መሬት ያገኙ ሰዎች። አሰልጣኙ ስለ አንተ ሲያወራ እነሱ የአትክልት መደቦችህን በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። ደሜ ፈላ። ዝም ብል ስምህ ይከበራል፣ እነሱ ግን ቤታቸው ሄደው ይህንኑ ይቆፍራሉ። ስለዚህ አስገብቼ ግድግዳውን አሳየኋቸው። እዚህ አልሠራም አልኩ። አሰልጣኙ ትዕግሥት ይጠይቃል ሲለኝ፣ ትዕግሥቱንማ እኔና ልጄ እየከፈልን ነው አልኩት። አንዲት የቡራዩ ሴት ግቢዋ ተዳፋት እንደሆነ፣ ጎርፍ አፈሩን እየወሰደባት እንደተቸገረች ነግራ፣ ቦዩ ለሷ ይሆናት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሊሆን ይችላል አልኳት፤ መጀመሪያ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ውሃሽ የት እንደሚሄድ ቆመሽ እዪ።

ሊሄዱ ሲሉ አሰልጣኙ በር ላይ፣ ግርማ ቢኖር ራሱ ያስተካክለው ነበር አለኝ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይህ ቃሉ ነው። ታስተካክለው ነበር? ወይስ እንደ ልማድህ ትከራከረኝ ነበር? አላውቅም። ጭቅጭቃችንን መሃል ላይ ጥለህብኝ ሄድክ። አሁን ልክ ብሆንስ ማንን ልረታ?

አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። ግን እንደ ቅዱስ አላስታውስህም፣ ግትሩ ባሌ ብዬ ነው የማስታውስህ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አካፋዬን ይዤ እየወጣሁ እጣላሃለሁ። እስክንገናኝ ድረስ አልታረቅህም።

ሚስትህ አስቱ