ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ስልክ ላይ ስለ እናቱ መድኃኒት ብቻ ለሚያወራኝ ባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የምትሠራበት የወንድምህ ወርክሾፕስ? እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም። ይህን የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ አይደለም። የሥራ ጉዳይ ነው። ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ተፈጠረ፤ ስምህም ስላለበት ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

አብረን ስንኖር፣ በአንድ መሥሪያ ቤትም ስንሠራ፣ ሥራዬን አንድም ቀን አስረድቼህ አላውቅም። አንተም ስለ ሊፍት ሞተር ስታስረዳኝ አንቀላፍቻለሁና እኩል ነን። አሁን ግን ካላወቅኸው ነገሩ አይገባህም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የሰፈረበት ማውጫ አለ፣ ኔትወርኩ ላይ። ዛፍ በለው። ግንዱ መሥሪያ ቤቱ፣ ቅርንጫፎቹ ክፍሎቹ፣ ቅጠሎቹ እኛ። በሩ ካርድህን ሲያይ ይህን ማውጫ ይጠይቃል፦ ይሄ ሰው አለ? እኔ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የምጽፈው ጠያቂውን ፕሮግራም ነው። ፍለጋ ማለት ሦስት ነገር መወሰን ነው፤ ከየት ልጀምር፣ እስከ የት ልውረድ፣ ማንን ልፈልግ። ሁለቱ ቀላል ናቸው። ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው።

አለቃዬን ታስታውሰዋለህ፣ ቅንፍ የምንለውን። ፕሮግራም ውስጥ ያልተዘጋ ቅንፍ ካየ ምግብ አይበላለትም፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። እሱ ግን እግሩ ስለተንሻፈፈ ይመስለዋል፣ የሚነግረው ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት ጠርቶኝ፣ “የለቀቁትን ሠራተኞች እየፈለገ ከማውጫው ሰርዞ ካርዳቸውን የሚዘጋ ፕሮግራም ጻፊ” አለኝ።

የሚፈለገው ግልጽ ነው፦ የለቀቀ ሁሉ። አንተ ለቀሃል። ማለቴ፣ ማውጫው እንደዚያ ይላል። እኔ ያልኩት ነገር የለም። “ለትንሽ ጊዜ” ብለህ ነው የሄድከው። ትንሽ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ አንተም አልነገርከኝም። ጨዋዎች ነን። እናም ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ከእሱ በቀር።

ለሙከራ ነው። ለሙከራ ደግሞ በደንብ የምታውቀው ሰው ያስፈልጋል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በሲ ሁለት ጽሑፍ ስታገናኝ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጫፍ መቀጠል አለብህ። እኔ ላዩ ላይ ገለበጥኩበት። “የለቀቀ ሁሉ” የሚለው ጠፋ፤ “ከእሱ በቀር” የሚለው ብቻ ቀረ። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው። ስምህን ስጽፍ ጀማሪ እሆናለሁ።

ማሽን አይጠራጠርም። ከአንተ በቀር ያለውን ሰው ሁሉ ፈልጎ አገኘ። ሁሉንም ዘጋ።

ሰኞ ጠዋት ሕንፃው በር ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሷል። ዋና ዳይሬክተሩ ካርዳቸውን ያስጠጋሉ፣ በሩ ቀይ ያበራል። በሸሚዛቸው ጠርገው ያስጠጋሉ። ቀይ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ” አላቸው ዘበኛው፣ “ማሽኑ አላውቃቸውም ብሏል።”

“እኔን?”

“እኔንም አላውቅህም ብሎኛል። እርስዎ እንኳ የሚቀመጡበት መኪና አለዎት።”

የበሩ መጠባበቂያ ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ሕንፃው ውስጥ ነው። ማን እንዳሰበው አትጠይቀኝ። ቅንፍ ወደ እኔ ዞሮ፣ “የሚሠራ ካርድ ያለው አንድ ሰው እንኳ የለም?” አለ።

“አንድ አለ” አልኩ። “ሰውየው ሩቅ ነው። ካርዱ ግን እኔ ቤት ነው።”

ስትሄድ መመለስ የነበረብህ ካርድ ነው። መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጥከው አለ።

ለእማማ ደወልኩላቸው። በታክሲ መጡ፣ ካርድህን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ፎቶህ ደረታቸው ላይ። “ዞር በሉ እስቲ!” አሉ። ሰው ዞር አለ። ካርዱን አስጠጉ። አረንጓዴ! ሰው አጨበጨበ። እሳቸውም ዳይሬክተሩን ክንዳቸውን ይዘው፣ “ግባ ልጄ፣ እኔ እያለሁ ደጅ አትቀርም” አሏቸው።

ሊፍቱ አይሠራም፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያው ነው። በደረጃ ወጣን። እማማ በየፎቁ ቆም እያሉ “ልጄ ቢኖር ኖሮ” ይላሉ፣ ዳይሬክተሩም አብረዋቸው ቆመው “ልክ ነው እናቴ” ይላሉ። የኮምፒውተሩን ክፍል በካርድህ ከፈቱልን። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ከማውጫው ውጭ የተቀመጠ ስለሆነ ማስተካከሉ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቅንፍ ፕሮግራሜን በትልቁ ስክሪን ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

“ከእሱ በቀር? ለምንድን ነው ይሄ ሰው የቀረው?”

“ለሙከራ” አልኩ።

“የምን ሙከራ?”

ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን የሚያሹት እማማ መለሱለት። “ባሏ ነው። ይዘጋ ለማለት ልቧ እምቢ ብሏት ነው። ምነው፣ ሰው አይደለችም እንዴ?”

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “ሰውየው ይመለሳል?” አሉኝ።

ዘበኛው፣ ቅንፍ፣ እማማ፣ ሁሉም አፌን አፌን ያያሉ። ስለ እያንዳንዱ ሠራተኛ ክፍሉን፣ ፎቁን፣ የስልክ ቁጥሩን ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። “አላውቅም” አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው።

“እንግዲያው መስመሩ ይውጣ” አሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። ያ ነው የከፋው።

ቅንፍ “እኔ ላውጣው” አለኝ። ደግ ሰው ነው። “ተወው” አልኩት። ትናንት ራሴ አወጣሁት። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ሳይሳሳት ሠራ።

ዛሬ ጠዋት ፈለግኩህ። ከግንዱ ጀምሬ፣ እስከ መጨረሻው ቅጠል ወርጄ፣ አንተን ብቻ። ሰው ሲጠፋ ማሽኑ ስህተት አለ የሚል ይመስልሃል። አይልም። በእኛ ሥራ ማንንም አለማግኘት ስህተት አይደለም። “ፍለጋው ተሳክቷል” ብሎ ጻፈልኝ። “የተገኘ፦ ዜሮ።” ፕሮግራሙ የእኔ ነው፣ ይህን ዓረፍተ ነገርም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

ስለዚህ ማውጫውን ትቼ አንተኑ ልጠይቅህ። ትመለሳለህ? አዎም ከሆነ አይም ከሆነ በራስህ እጅ ጻፈው። ለወንድምህ ነግረኸው እሱ ለእማማ፣ እማማ ለእኔ እንዳይሆን። ደግሞም የሊፍት ጠጋኙ ቦታ እስካሁን ክፍት ነው፤ ይህን የምነግርህ እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው።

እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ምን እንደምጽፍ ይጠይቁኛል፤ “የሥራ ጉዳይ” እላቸዋለሁ። “መንገዱን ያቅናልህ በይው” ይላሉ። “የትኛውን መንገድ?” አልኳቸው። “እሱ ያውቀዋል” አሉኝ።

ሚስትህ