ስምንት በመቶ የጎደለው ጫካ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ
መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የዘንድሮውን የዛፍ ልኬት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ። የግንዱ ውፍረት ይገባል፣ ጫካው ያከማቸው ካርቦን መጠን ይወጣል። ወጣ። የአቦቦው ጫካ ከአምናው ስምንት በመቶ ጎድሏል። ዛፍ ወደ ውስጥ ያድጋል እንዴ?

የካቲት 5፣ ረቡዕ
አለቃዬ ኮከብ አልተጨነቀችም። «ቆርጠውታል ማለት ነው።» ጫካውን የሚጠብቀው የመንደሩ ማኅበር ሊታገድ ነው። ማር መቁረጥ የለ፣ ጭራሮ መልቀም የለ። ደብዳቤው ዓርብ ይወጣል።
«ሄጄ ልየው?»
«ቁጥሩ እኮ ያንተው ነው።»
የእኔው ነው...

የካቲት 6፣ ሐሙስ
አቦቦ። ስለ ሙቀቱ አልጽፍም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦባንግ ዛፍ በዛፍ አዞረኝ። ሁሉም ቆሟል።
«ሌባ ተባልን አይደል?»
«ጎደለ ነው የተባለው።»
«እሺ። ሌባ ግንዱን ወሰደ። ጉቶውንም ወሰደ?»
የሚታገደው የአርባ ሰባት ቤት ማር ነው።
ዘንድሮ የለካው ፓል ነው፤ አብሮኝ የመጣው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው አዲሱ ባልደረባዬ። እሱን ጠረጠርኩ። ደስም አለኝ። እንዴት እንደለካ አሳየኝ ስለው የመለኪያ በትሩን ግንዱ ላይ አስደገፈ፤ አንድ ሜትር ከሠላሳው ምልክት ላይ ሜትሩን ጠመጠመ። ልክ መመሪያው «የደረት ከፍታ» እንደሚለው።
«አንተስ አምና?» አለኝ ፓል።
አምና... በትሩን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ፣ «ያው ደረት ላይ አይደል» ብዬ በገዛ ደረቴ ለካሁ። ሦስት መቶ አሥር ዛፍ።
ፓል በትሩን አጠገቤ አቆመው። ምልክቱ ጉሮሮዬ ላይ አረፈ። ግንድ ደግሞ ወደ ታች ይወፍራል። ዘንድሮ የተቆረጠ የለም፤ አምና ያወፈርኩት እኔ ነኝ።
ኦባንግ ያን ጊዜ ሳቀ። ለረጅም ጊዜ።

የካቲት 7፣ ዓርብ
ኮከብ፦ «ደብዳቤው እንዲቀር ምክንያቱን ጽፈህ ፈርም። ግን ለእድገት ተወዳድረህ የለም እንዴ?»
ተወዳድሬያለሁ።
«የመሣሪያ ችግር» ብዬ ጻፍኩ። በትሩ ምን አደረገ? ሰረዝኩ። «የአሠራር ክፍተት»... የማን? ሰረዝኩ። በመጨረሻ፦ «ጫካው አልጎደለም። አምና ከመመሪያው ከፍታ በታች የለካሁት እኔ ነኝ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት ነው።» ፈረምኩ። ኮከብ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ
እገዳው ቀረ። እድገቱም ቀረ። ልዩነቱ ታውቆ የአምናው ቁጥር እንዲታረም ሁሉም ዛፍ ሁለት ጊዜ ይለካል፦ ፓል በበትሩ፣ እኔ በደረቴ። ደረቴ በቅጹ ላይ በመለኪያ መሣሪያነት ተመዝግቧል። ዛሬ ስልሳ ዛፍ ጨረስን። ኦባንግ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣
«ቀጥ በል እንጂ ጌታው! ማራችንን ልታስቀርብን ነው?»
ቀጥ አልኩ።