የስድስት ሰዓት ተራዬ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከሰዓት

ጄኔሬተሩ በስንት ልመና ተነሳ። ካስክ ሥር ሁለት ሴቶች፣ ወንበሩ ላይ አንዷ ግማሽ ሹሩባ፣ በር ላይ ደግሞ ዋጋ ሰምታ «ጋሊ! ውድ ነው!» እያለች የምትሄድ የምትመለስ። የጁባው ሀይ ጀላባ ሰፈር እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። ቆሞ ማሰብ የለም።

ሰባት ሰዓት ሲል ለኛቦል ደወልኩ። ጨርሻለሁ፣ ተረከቢ አልኳት። ተባረኪ አለችኝ።

ምኑን ነው የጨረስኩት? እትዬ አስቴር ከታመሙ ጀምሮ ኅብረታችን የሰንሰለት ጸሎት ይዟል። ቀኑን በሰዓት ተከፋፍለን፣ አንዱ ሲጨርስ ለቀጣዩ ይደውላል። ከስድስት እስከ ሰባት የእኔ ነው፣ ከእኔ ቀጥላ ኛቦል። አንድ ቀን እንኳ አልጸለይኩም። መደወሉን ግን አልረሳም። ጉድ እኮ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ዛሬም ያው። ስድስት ላይ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ መጣች። ሥራ ነው፣ እ/ር ያውቃል አልኩ። እ/ር በደንብ ነው የሚያውቀው፤ ሙሽራዋ እስክትመጣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነበር።

ኛቦል አዲስ አበባ በስደት አድጋ አሁን አገሯ ገብታለች፣ ቢሮ ትሠራለች። የምሳ ሰዓቷን ትታ መኪና ውስጥ ዘግታ ትጸልያለች። በአማርኛ። ምሳዋን ትታ! የእኔን ውሸት ተቀብላ ትቀጥላለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከሥራ በኋላ ጁባ ና ባሪ ሰፈር ሄጄ እትዬን ጠየቅሁ። ጁባ ስገባ ማንንም ሳላውቅ ፍራሻቸውን አካፍለው ያስተኙኝ እሳቸው ናቸው። ወገባቸው አላስነሳ ብሏቸዋል። ከስተዋል። ብርቱካን ወስጄላቸው አብዛኛውን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ከጭንቀት።

ከዚያ እጄን ይዘው አጫወቱኝ። ሕመሙ ቀኑን ሙሉ ይጠዘጥዛቸዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ቀለል ይላቸዋል፣ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል። የማን ተራ እንደሆነ አጣርተዋል። እሑድ በመኪና ተወስደው ጉባኤ ፊት ሊመሰክሩ ነው። ስሜን ጠርተው።

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ስመለስ የቦዳ ሞተር ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ነጂው ዞር ብሎ «ተማም?» አለኝ። ተማም፣ ደህና ነኝ አልኩት። ውሸት ለምዶብኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሞከርኩ። ሱቅ መዝጋት አይሆንም፣ ወንበሩ ላይ ሰው አለ። ስለዚህ እጄ እየሠራ። አዲስ የሹሩባ መስመር በከፈልኩ ቁጥር የእትዬን ስም እጠራለሁ፣ መስመሩ እስኪያልቅ አልለቅም። መጀመሪያ አፈርኩ። ደንበኛዬም ከማን ጋር ነው የምታወሪው አለች። ከዚያ እጄና አፌ ተስማሙ። ሰባት መቼ እንደሆነ አላውቅም። የደወለችው ኛቦል ናት፣ ምነው ዘገየሽ ብላ። ገና ነኝ አልኳት። እውነት ነው፣ ገና ነበርኩ።

እዚህ ወንበር ኋላ ቆሜ ዕድሜዬ በከንቱ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ቀኑ መሃሉ ላይ ምሰሶ ተተከለለት። ደስ አለኝ። ወዲያው ደስታዬ አስጠላኝ። ያለፈውን ምን አደርገዋለሁ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ እሑድ ነው የሚጠራው፣ በሰው ፊት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። አመሻሽ

ሱቁን ቀን ዘጋሁት። ቅዳሜን! ደንበኞቼ አበደች ሳይሉ አልቀሩም። ስድስት ሳይሞላ እትዬ ዘንድ ደረስኩ። ሳልቀመጥ አወጣሁት። አልጸለይኩም፣ ከሐሙስና ከትናንት በቀር አንድም ቀን።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺን ሰዓት ወደዋት ነበር፣ እኔ ወሰድኩባቸው። የተናገርኩትስ ለእሳቸው ብዬ ነው ወይስ እኔ እንዲቀለኝ? አላውቅም።

ከዚያ ሳይዞሩ «ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

ስድስት ሆኗል አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ተንበረከክሁ። ቃል ጠፋኝ፣ እጄም የሚይዘው አጣ። ነጠላቸው ወልቆ ጸጉራቸው ተንጨባርሮ ነበር። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና መስመር ከፈልኩ፣ ስማቸውን ጠራሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲነቁ ምስክርነቱን አልተውም አሉ። ምን ብለው እንደሚናገሩ ግን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁ።

ነገ ፊተኛው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።