በወይዘሮ የሻረግ እንግዳወርቅ ዕረፍትና ሳይነገራቸው ስለቀረው የምርመራ ውጤት

የኬኒንግተን ሕሙማን ጠያቂ ማኅበር መሥራችና የረጅም ጊዜ ሰብሳቢ የነበሩት ወይዘሮ የሻረግ እንግዳወርቅ ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። ማኅበሩ የተሰማው ሐዘን መሪር ነው። ከሐዘኑ ጋር ግን ለአባላቱ ሊደብቀው የማይገባ ጉዳይ አለ።

ወይዘሮ የሻረግ እ.ኤ.አ. በ1998 ማኅበሩን ሲመሠርቱ አባላቱ ዘጠኝ ነበሩ። ከብሪክስተን እስከ ሰቨን ሲስተርስ በአውቶቡስ እየተመላለሱ ዘመድ የሌለውን በሽተኛ ሲጠይቁ ኖረዋል። ከሐኪም ጋር ለሚያስተረጉሙ አባላትም አንድ ደንብ አስተምረዋል፦ ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ሁላችንም አሜን ብለን ተቀበልነው።

በ2019 ጉበታቸው በቆየ ሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጠባሳ ወርሶት ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ላይ መድረሱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሡ ነበር። የስልክ አስተርጓሚ ግን አልፈቀዱም፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም ባይ ነበሩ። ስለዚህ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ዳኛቸው አብረዋቸው ይገቡ ነበር።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ ጉበታቸው ላይ አዲስ እብጠት ታየ። ኩላሊታቸው ደካማ ስለነበር ሐኪሞቹ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል ቀለም የሚወጋበትን ሌላውን ምርመራ ትተው፣ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የያዘ ፈሳሽ በክንዳቸው ወግተው በአልትራሳውንድ ተከታተሉት። እብጠቱ በምስሉ ላይ ፈጥኖ ደመቀ፤ ከደቂቃ በላይ ቆይቶም ከቀረው ጉበት ይልቅ ደበዘዘ። ሐኪሟ ይህ የካንሰር ምልክት መሆኑን፣ ገና ትንሽ ስለሆነም ቶሎ ከታከመ ሊጠፋ እንደሚችል ተናገሩ።

ወይዘሮ የሻረግ የሕክምናውን ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ ብለው አስተላለፉ። ከፋሲካ በኋላ ጸበል ሄዱ። በሴፕቴምበር ሲመለሱ እብጠቱ የጉበታቸው ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ነበር።

ማኅበሩ መጀመሪያ የጠረጠረው ሐኪም ቤቱን ነው። ለስደተኛ ባልቴት ማን ግድ አለው፣ ደብቀዋቸዋል ብለን በቁጣ ጻፍን። የመጣልን መልስ የዚያ ቀን መዝገብ ነበር። የተባለው ሁሉ ሰዓቱ ሳይቀር ሰፍሯል፤ ከሥሩም የአስተርጓሚው ስም አለ። አቶ ዳኛቸው ኮሚቴው ፊት ቀርበው፣ ትንሽ እብጠት ናት፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም ብለው መተርጎማቸውን አመኑ። ለወይዘሮ የሻረግ ልጅ ለወይዘሪት ራኬብ ሊነግሩ አስበው፣ ፈተና ላይ ናት ሲሉ ቀኑ አለፈባቸው።

ወይዘሮ የሻረግ ግን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። የዚያን ዕለት ከምርመራ ክፍሉ እንደወጡ ጸሐፊውን አቁመው፣ «ዳኛቸው፣ እኔ ባስተማርኩህ መንገድ ነው የነገርከኝ?» ብለው ጠይቀዋል። አይደለም ተብለዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ሰው ስንመክር የኖርን እኛ፣ በሽታውን ከባለቤቱ ደብቀናል። ዛሬ ማኅበሩ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። እስካሁን ያስተረጎምንላችሁ ሁሉ ውጤታችሁን በሌላ አስተርጓሚ እንደገና ጠይቁ። ደንቡ ተሽሯል።

ለወይዘሪት ራኬብና አብረዋቸው ሲደክሙ ለኖሩ አባላት እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። የወይዘሪት ራኬብን ይቅርታ ግን በወረቀት ለመጠየቅ አንደፍርም። ኮሚቴው ይህን መግለጫ ጸሐፊው በገዛ እጃቸው ጽፈው እንዲፈርሙ ወስኗል።

አይደለም ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ዳኛቸው መኩሪያ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ለንደን