ሁለተኛዋ ድስት

ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም.
ለትምህርት ቢሮው ስለ አዳሪ ቤታችን ሪፖርት ስጽፍ ዋልኩ። «የሃያ ሁለቱም ልጃገረዶች ምግብ የተሟላ ነው» አልኩ። ምን ጎደላቸው? ለፋሲካ የተሰጠን በሬ ቋንጣ ሆኖ በየወጡ ይገባል። ወጥ ቤቷ አየለች ሁለተኛ ድስት ይገዛልኝ ብላ መጣች። «ቆዪ፣ አየለች!» አልኳት። ሁሌ ብዕር ስይዝ ነው የምትመጣው…

ግንቦት 12
ሸምሲያ ከስታለች። የአምባ ጊዮርጊሱ ነጋዴ የአያ ዐብደላ ልጅ፣ ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ የምትወጣው። በዐቢይ ጾም እኮ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ይሆን? ለሌሎቹ ፈራሁ።

ግንቦት 14
ለአባቷ «ታማለች፣ መጥተው ይውሰዷት» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠሁት። ስነግራት «ፈተናውስ?» ብቻ አለች። አንጀቴን በላችው… ግን ኃላፊ ነኝ።

ግንቦት 16
አየለች አሟት ቀረች። ምሳ እኔው አወጣሁ፤ በሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ። የኔ ምሳ ቢሮዬ ድረስ ነው የሚመጣው። ሸምሲያ ተራዋ ሲደርስ እንጀራዋን ብቻ ይዛ አለፈች።
«ወጡ ይቅርብኝ፣ እትዬ።»
«ምነው?»
ከኋላዋ ያለችው አበቡ መለሰችልኝ።
«የክርስቲያን ሥጋ ነዋ! ከፋሲካ ወዲህ በበርበሬ ነው የምትበላው።»
ሃያ አንዱም ያውቃሉ። እኔ ብቻ! ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደግኩ የአራዳ ልጅ… «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «እትዬ አየለች ‘እኔ እነግርልሻለሁ’ ብለውኝ ነበር» አለች።
ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ግንቦት 5። ድስት። በጣም አፈርኩ።

ግንቦት 18
ለሸምሲያ ሥጋ የማይነካትን ድስት ትናንት ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። ለቢሮውም «ሪፖርቴ ስሕተት አለበት» ብዬ ጻፍኩ።
ዛሬ አያ ዐብደላ በጧቱ ማኪና ደረሱ። የልጅቷን ሳጥን የሚያስሩበት ገመድ ይዘዋል። ውሸት አማረኝ… «ተሽሏታል» ብል ማን ያውቃል? አላልኩም።
«ልጅዎ አልታመመችም። እኔ ነኝ ያስራብኋት።»
ሁሉንም ነገርኳቸው። ገመዱን ጠቀለሉ።
«እሷ ምን ትላለች?»
እኔ ያልጠየቅኳትን!
«ልፈተን፣ አባባ» አለች።
«እንግዲያ ሸጋ። አደራዋ ግን በርስዎ ነው» ብለውኝ፣ ገመዳቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሰኔ 3
የሐዋርያት ጾም ገባ፤ ዛሬ ሁላችንም ምስር በላን። ተራ ይዤ ከልጆቹ ጋር መብላት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። የሸምሲያ ጉንጭ እየተመለሰ ነው። ፈተናው ሐሙስ ይጀምራል።
ይህን ስጽፍ አየለች በሩ ላይ ቆመች።
«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነዎት?»
«ቆዪ» ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብዕሬን አስቀመጥኩ።
«ነይ ተቀመጪ። ንገሪኝ።»
ጨው ሊያልቅ ነው አለችኝ።